የባለ ካቦርቱ መታጠፊያ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉት… አይ፣ ተዉት፣ ገርበብ ይበል። ሞተሬ ውጭ ናት፤ ኮሽታ ልስማ። መብራቱ ዛሬም ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ እሱ ራሱ አያውቅም። ሻማውን ወደ እኔ አምጡት። ፊቴን ካላያችሁ "ይዋሻል" ትላላችሁ። እያያችሁኝም ትላላችሁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ ነው።

ቅድም እንዴት እንደመጣሁ አይታችኋል። እታች ድልድዩ ጋ ጠፋችብኝና ገፋችሁ አመጣችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከናንተ አንዱ፣ አንተ ነህ መሰለኝ፣ "ኧረ ምን ጭነህ ነው እንዲህ የከበደችው?" ብለኸኛል። ምንም አልጫንኩም። ባዶዬን ነው የመጣሁት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ስሙኝ። ሰዓቱን አስቡት። ፀሐይ ገብታለች፣ ጨረቃ ገና ናት። ከብቱ በረት ገብቷል። ውሻው እንኳ የሚጮህበት አጥቶ ተኝቷል። ከገበያ የሚመጣው መንገድ ወንዙን ይሻገራል፣ ገደሉን እየታከከ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣልና ከአንድ ትልቅ ዋርካ ስር ሲደርስ ወደ ግራ እጥፍ ይላል። እንዲህ፣ ክርኔን አያችሁት? እንደሱ ነው የሚታጠፈው። ከዋርካው ስር ደግሞ አንድ መቃብር አለ። ብቻውን።

መቃብር መንገድ ዳር ብቻውን ምን ይሠራል? ይኸውላችሁ። ድሮ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሩቅ አገር ሲመጣ እዚያ መታጠፊያ ላይ ከነጭነቱ ተገለበጠ። አገሩን የሚያውቅ የለም። ስሙን የሚያውቅ የለም። ክርስቲያን ይሁን እስላም የሚያውቅ የለም። የት ይቀበር? ሰዉ የሚያደርገው ቢጠፋው አልቅሶ እዚያው ቀበረው። ረዥም ጥቁር ካቦርት ለብሶ ነበርና ከነካቦርቱ ቀበሩት፤ ስሙም ባለ ካቦርቱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሲመሽ በዚያ ብቻውን የሚያልፍ የለም። አንተ ታልፋለህ? አታልፍም። አንቺስ? እሷማ ከወዲሁ ዓይኗን ጨፍናለች።

አንዳርጌ ግን ያልፋል።

አንዳርጌ ማን ነው? በዚያ መንደር መጀመሪያ ሞተር ሳይክል የገዛ ጎረምሳ ነው። ቀይ ሞተር! ጠዋት ሰውም ዶሮም ጭኖ ገበያ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። የገዛት ዕለት እናቱ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። "ልጄ፣ ይቺን ያየ ዓይን ዝም ብሎ አያልፍም" አለች። ደብተራ ዘንድ ሄዳ ክታብ አስጻፈችለት፣ በቆዳ አሰፋችው። "ከመሪዋ ስር እሰረው። እስከ መቼም እንዳትፈታው!" አለችው። አንዳርጌ በክር ሊያስረው አሰበ። "ክር ይበጠሳል" አለ። ታዲያ ምን አደረገ? ሽቦ አመጣ። በሽቦ ጠፍሮ፣ በፒንሳ ጠምዝዞ፣ ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

ብዙም ሳይቆይ ሞተሯ አመል አወጣች። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። "እህ… እህ… እህህ…" ትላለች እንጂ አትነሳም። በእግሩ ይመታታል፣ ይመታታል፣ ላብ ሲያጠምቀው በስንት ልመና ትነሳለች። ቀን ደህና ትውላለች። ማታ ሲመለስስ? የት ትጠፋለች? ከዋርካው ስር! መታጠፊያው ላይ መብራቷ ድርግም፣ ሞተሯ ፀጥ። ገፍቶ ገፍቶ ከመቃብሩ ሲያሳልፋት ትነሳለች። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ።

ገበያ ያለው መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩ ባትሪዋን ለወጠ። አልዳነችም። ካንዴላዋን ለወጠ። አልዳነችም። ፊውዟን አየ፣ ካርቡሬተሯን አጠበ፣ ወንበሯን ሳይቀር ፈታ። ከመሪዋ ስር ሲደርስ ግን ክታቡን አየና እጁን ሰበሰበ። የሰው ክታብ ማን ይነካል? እናንተስ ትነካላችሁ? ሽቦዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያይ፣ በክታቡ በኩል የሚያልፉትን ብቻ በሩቁ ተሳልሞ አለፋቸው። "ወንድሜ፣ ይሄ የኤሌክትሪክ ነገር አይደለም። የሌላ ነገር ነው" አለው።

ሌላው ነገር ማን እንደሆነ ለመናገር መንደሩ አልሰነፈም። "ባለ ካቦርቱ ይዞታል" ተባለ። "ሌሊት ሌሊት እየመጣ ባትሪውን ይጠጣበታል" ተባለ። ሰዉ የአንዳርጌ ሞተር ላይ መውጣት ተወ። ዶሮዎቹ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ስላልተጠየቁ ነው።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ ነበር፣ ይመኙሻል ባትኖር።

ይመኙሻል የአቶ ጫኔ ልጅ ናት። ቤታቸው ከመታጠፊያው በላይ ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ ከደጃቸው ሆኖ ቁልቁል መንገዱ ሁሉ ይታያል። አንዳርጌ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ይሄን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ አቶ ጫኔም ያውቃሉ። ሽማግሌ ሲላክባቸው ግን ብድግ አሉ። "መንፈስ ለሚጫወትበት ሰው ልጄን አልሰጥም! ዛሬ ባትሪ የጠጣ ነገ የልጅ ልጆቼን ደም ይጠጣል። መንፈስ እኔ ቤት ደጃፍ አይደርስም!" አሉ። ይቺንም ያዙልኝ።

ይመኙሻል ወንዝ ዳር ጠብቃ አንዳርጌን አገኘችው።

"አባቴ ለእህል ነጋዴው ልጅ ሊሰጠኝ ነው" አለችው።

"አንቺስ መንፈሱን አትፈሪም?"

"እኔ የምፈራው አባቴን ነው። መንፈስ ቢሆን እንዲህ አይጮህም።"

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄዱ። ለመኑ፣ ተለማመጡ፣ ከደጅ ድንጋይ ላይ አንነሳም አሉ። በመጨረሻ አቶ ጫኔ ሰለቻቸው። "እሺ" አሉ። "ነገ ማታ ከደጄ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። እራት ሳይቀርብ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ፣ መብራቱን አብርቶ ደጄ ከደረሰ ልጄን ይወስዳል። መታጠፊያውን ገፍቶ ከወጣ ግን ለነጋዴው ቃሌን እሰጣለሁ። መግፋት የለም!"

እንግዲህ ሰዓቱ ያ ያልኳችሁ ሰዓት ነው። አንዳርጌ ወንዙን ተሻገረ። ኮረብታው ላይ የአቶ ጫኔ ፋኖስ ይታየዋል። መንደርተኛው ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያመልጠዋል? ሞተሯ ትወጣለች፣ ትወጣለች። ዋርካው ታየ። አንዳርጌ ታንከሯን ዳበሳት። "ዛሬን ብቻ፣ እናቴ" አላት። መሪዋን ወደ ግራ ጠመዘዘ።

ድርግም!

ከላይ "ውይ!" የሚል የሴቶች ድምፅ ወረደ። አንዳርጌ በእግሩ መታት፤ እምቢ። መታት፤ እምቢ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ይሄኔ መጀመሪያ ሽታ መጣ። የናፍታ ሽታ። የሱ ሞተር ቤንዚን ነው የምትጠጣው፤ ናፍታ ከየት መጣ? ቀጥሎ ከዋርካው ስር አንዲት ቀይ ነጥብ በራች። ጠፋች። በራች። "አብሪ ትል ናት" አለ አንዳርጌ ለራሱ። አብሪ ትል ይስላል? ይሄኛው ሳለ።

አንዳርጌ መሪውን ጨበጠ። "ገፍቼ ልሂድ! በዚህ ጨለማ ማን ያየኛል?" አለ።

"እኔ" አለ አንድ ድምፅ።

ቀስ ብሎ ዞረ። መቃብሩ ላይ ረዥም ጥቁር ካቦርት ተቀምጧል። ከታች ጫማ አለው። ከጎን እጅጌ አለው። ከላይ ኮሌታ አለው። ከኮሌታው በላይስ? ከኮሌታው በላይ ሲጋራዋ ብቻ አለች።

አንዳርጌ ሊሮጥ አሰበ፤ እግሩ ግን አልተስማማም። "ጌ… ጌታዬ" አለ። "ዛሬን ይልቀቁኝ። ከነገ ጀምሮ እንደፈለጉ ይያዙኝ።"

"ማን ያዘህ?" አለ ባለ ካቦርቱ በቁጣ። "ማታ ማታ እራስጌዬ መጥተህ የምትቆመው አንተ! ድድድ እያደረግህ እንቅልፍ የምትነሳኝ አንተ! ይሄ ሳያንስህ ስሜን አጠፋህ። ባትሪ ይጠጣል አስባልከኝ። እኔ ባትሪ ምን ያደርግልኛል?"

"ሰዎች ናቸው ያሉት፣ እኔ አላልኩም።"

"ጠዋት ስትወርድ እዚህ ጋ ጠፍታብህ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ለምን? ጠዋት የለሁም? የት ሄጄ?"

አንዳርጌ ዞሮ ሞተሯን አያት።

"ገበያ ውስጥስ?"

"እሱማ… አንዳንዴ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ስታጠፍ ትጠፋብኛለች።"

"ወዴት ስትታጠፍ?"

"ወደ ግራ።"

"እዚያስ እኔ ነኝ?"

"ተከትለውኝ መጥተው መስሎኝ።"

"በምን? በእግሬ?" አለና ባለ ካቦርቱ ሲጋራውን መጠጠ። ድምፁ ዝቅ አለ። "የኔ መኪና ለምን እንደተገለበጠች ታውቃለህ? አታውቅም። የጠየቀኝ ሰው የለም። መብራቷ ጠፍቶብኝ ነው፤ እዚሁ፣ እዚህ መታጠፊያ ላይ። ከመነሳቴ በፊት ሽቦዋን አንዴ ዝቅ ብዬ ባይ ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፌ ነበር።" አንዳርጌ ፍርሃቱን ረስቶ አዘነለት። አትዘኑ፤ ገና ነን።

"በል ቁልፉን ክፈት" አለው። "መሪዋን ወደ ቀኝ።"

አንዳርጌ ወደ ቀኝ አዞረ። መብራቱ ቦግ! ከኮረብታው "እሰይ!" ተባለ።

"ወደ ግራ።"

ድርግም። "ውይ!" ተባለ።

"ወደ ቀኝ።"

"እሰይ!"

"ወደ ግራ።"

"ውይ!"

"በቃ፣ ሰዉን አትጨርሰው። ከመሪዋ ስር እጅህን ስደድ። ምን አገኘህ?"

"ክታቤን።"

"በምን አሰርከው?"

"በ… በሽቦ።"

ባለ ካቦርቱ ሳቀ። ካቦርቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ ከሳቁ ብዛት ሳል ያዘው። "አየህ፣ ሽቦህ የመብራቷን ሽቦ ልብስ በልቶታል" አለው። "ወደ ግራ ስትጠመዝዛት ይጎትተውና ከብረቷ ያነካካዋል፤ ያኔ ኃይሏ ሁሉ ወደ ብረት ይፈሳል። ቆማ ስታድር ደግሞ በዚያችው ቁስል ትንሽ ትንሽ እያለ ሲፈስ ያድራል። ጠዋት በምን አቅሟ ትነሳ? ባትሪህን የሚጠጣው ክታብህ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ፍታው።"

አንዳርጌ እጁን ላከ። ቆመ።

እናንተ ብትሆኑ ትፈታላችሁ? እስቲ አስቡት። በጨለማ፣ ከመቃብር አጠገብ፣ ፊት የሌለው ካቦርት "ክታብህን ፍታ" ይላችኋል። ለዚህ አይደለም እንዴ ክታብ የሚታሰረው? የእናቱ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸ፤ "እስከ መቼም እንዳትፈታው!" ደግሞ የነገረው ሁሉ እውነት ነው። ወደ ቀኝ በራ፣ ወደ ግራ ጠፋ፤ በዓይኑ አይቷል። መንፈስ እውነት ይናገራል? ከተናገረስ ለምን ይናገራል?

"እንዳሻህ" አለ ባለ ካቦርቱ እግሩን አንፈራጦ። "እኔ አልቸኩልም። እራት የሚቀርበው ለኔ አይደለም።"

ይሄኔ ከኮረብታው አንዲት ቀጭን ድምፅ ወረደች። "አንዳርጌ! እናቴ ወጡን አወጣች! አንዳርጌ!" ይመኙሻል ናት። አባቷ ፊት፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ስሙን ጠርታ ጮኸች።

አንዳርጌ ፈታው።

በጥርሱም በጥፍሩም ሽቦውን አላቀቀ። ክታቡን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የተላጠውን ሽቦ ሊጠቀልል ታገለ።

"በሁለት እጅህ ጠቅልለው እንጂ" አለው ባለ ካቦርቱ፣ እንደ አባት ረጋ ብሎ። "ክታቡን ለጊዜው እዚህ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው።"

ሰማችሁ? ለጊዜው አለ። አንዳርጌ አስቀመጠው። ከኪሱ ፌስታል አውጥቶ ቀደደ፣ የተላጠውን ደህና አድርጎ ጠቀለለ፣ ከብረቱ አራቀው። መሪውን ወደ ግራ አዞረና በእግሩ አንዴ መታት።

በአንድ ምት! ድድድድ አለች። መብራቷ ገደሉን ሁሉ ብርሃን አለበሰው። ላይ እልልታው ቀለጠ። አንዳርጌ በደስታ "እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ!" ብሎ ወደ መቃብሩ ዞር ቢል ማንም የለም። ካቦርቱም የለም፣ ሲጋራዋም የለች። "ሄዷል" ብሎ ዘሎ ወጣና መታጠፊያውን ዞረ። መብራቱ አልጠፋም!

ግን ሞተሯ ከበደችው። "ዳገቱ ነው" አለ። የኋላው ጎማ ተቀመጠበት። "መንገዱ ነው" አለ። የናፍታው ሽታ መቃብሩ ጋ መቅረት ሲገባው አልቀረም። ለዚህ ምን ይበል? ግማሽ መንገድ ሲደርስ ኪሱን ዳበሰ። ክታቡ? ክታቡ ድንጋዩ ላይ! ልመለስ አለ። ከላይ እልልታ ነው፣ ፋኖስ ነው፣ ይመኙሻል ናት። ማን ይመለሳል? አልተመለሰም።

የአቶ ጫኔ ደጅ ሲደርስ ወጡ ገና እየተጨለፈ ነበር። ሰዉ ጨፈረ። አቶ ጫኔ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ተሸንፈዋል፣ ግን ቃላቸውን የማይበሉ ሰው ናቸው። የአንዳርጌን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

"ጎበዝ! ልጄ ያንተ ናት" አሉት። "በል ግባ፣ እራት ሊቀርብ ነው።" ከዚያ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ ተመለከቱና ፈገግ አሉ። "ጓደኛህንም ይዘኸው ግባ እንጂ። እንዲህ ያለ ካቦርት የለበሰ የተከበረ ሰው ደጄ ላይ አይቆምም። ይግቡ ጌታዬ፣ ቤት ለእንግዳ!"

አንዳርጌ ዞሮ አላየም። ያየው ወንበሩን ነው። የወንበሩ ስፖንጅ ተጎድጉዶ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደተነሳለት ሁሉ፣ ወደ ላይ ተመለሰ። ከዚያ የበሩ መጋረጃ በራሱ ተገለጠ።

"መንፈስ እኔ ቤት ደጃፍ አይደርስም" ያሉት ማን ነበሩ? በገዛ አፋቸው "ይግቡ" አሉት። የጠራኸውን እንግዳ ደግሞ እንዴት ታስወጣዋለህ?

ሰርጉ ተደገሰ፣ ይመኙሻልና አንዳርጌ ተጋቡ፣ ሞተሯም ከዚያ ወዲያ ታማ አታውቅም። አቶ ጫኔ ቤት ግን እራት ሲቀርብ ከጓዳ ሳል ይሰማል። ከወጡ ጠርዝ ማንም ሳይነካው ይጎድላል። አንዳርጌ በማግስቱ ሄዶ ክታቡን ከድንጋዩ ላይ አመጣውና በራቸው ላይ ሰቀሉት። ምን ዋጋ አለው? ባለ ካቦርቱ ከውስጥ ነው፤ ይብሱን መውጣት አቃተው! ሲያስል፣ ሲበላ፣ ሲቆጣ ኖረ። ክታቡን በምን እንደሰቀሉት ታውቃላችሁ? ሽቦ ተማርረው በክር ነው የሰቀሉት። ክር ደግሞ ይበጠሳል። ተበጠሰ፤ ወጣ።

የት ሄደ? ሾፌር ሰው ነው፤ ከመንገድ ሌላ ምን ያውቃል? ብቻውን የሚነዳ ሰው ሲያይ ከኋላ ይወጣል። በዚያ አገር እስከ ዛሬ ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የኋላ ወንበሩን በመዳፉ ይዳብሳል። ቀዝቃዛ ከሆነ ይሄዳል። ከሞቀ ቁልፉን ኪሱ ከቶ በእግሩ ይሄዳል። ምልክቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሞተርህ ያለ ጭነት ትከብድሃለች። ቀጥሎ እሱ የተበላሸ ሽቦ ማየት አይችልምና ዝም ብሎ ይጠግንልሃል። ስትለመን የኖረች ሞተር በአንድ ምት ትነሳለች። ያኔ ደስ እንዳይልህ። ብቻህንም አትንዳ።

እና እኔን ዛሬ ማን ይሸኘኛል? ዝም? ቅድም ገፍቶ "ከበደችኝ" ያለው የት ሄደ? በሉ እዚሁ አንጥፉልኝ፣ ከደጁ ራቅ አድርጋችሁ።

ቆይ… ዝም በሉ እስቲ። በሩን ማን ነው ሙሉ በሙሉ የከፈተው? ውጭ ያ ድምፅ ምንድነው? ድድድድ የሚለው? የኔ ናት እንዴ? በአንድ ምት? ኧረ ቁልፉ እኮ… ይኸው እጄ ላይ ነው!